አምስት መቶ የጥርስ ቡርሽ ይዤ ወደ ጂንካ

ጂንካ ሄጄ መምጣቴን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አንበሳ ነው። አንበሳ አላየሁም። ያየሁት ጥርስ ነው፤ እሱን ግን በብዛት አይቻለሁ። አንበሳ የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ ከቤቴ ወጥቼ እስክመለስ ያገኘኝን፣ በየቀኑ ከያዝኩት ደብተር እየገለበጥኩ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምሠራው ሕዝቡን ስለ አፍና ጥርስ ጤና በሚያስተምር አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ማለት አንድ ኃላፊ፣ አንዲት ታይፒስት፣ እኔ፣ እና ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ አምስት መቶ የጥርስ ቡርሽ ነው። ጥርስ ከታመመ በኋላ ከመንቀል ሳይታመም መጠበቅ ይሻላል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ጥናታችንም ይኸው ነበር። ሰው ጥርሱን በምን እንደሚያጸዳ እንጠይቃለን፣ እናስተምራለን፣ ቡርሽ እንሰጣለን፣ ከስድስት ወር በኋላ ልማዱን ለውጦ እንደሆነ መልሰን እንጠይቃለን።

የመጠይቁ ልብ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። «ጥርስዎን በምን ያጸዳሉ?» ይላል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ «ሀ. በቡርሽ» እና «ለ. አላጸዳም»። ከግማሽ በላይ ሰው «ሀ» ያለበት ክሊኒክ የጥርስ መንቀያ ሙሉ መሣሪያና ማደንዘዣ በቅድሚያ ያገኛል። ቡርሽ የሚጠቀም ሰው መንቀያ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠይቄ ነበር። ኃላፊዬ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ፣ «መሣሪያ የሚሰጠው ልማዱን ለለወጠ ሕዝብ ነው» አለኝና መልሶ ከተተው።

ሐሙስ፣ የመጀመሪያው ቀን። ከአዲስ አበባ በጠዋት ወጣን። ሾፌሩ ጋሽ መርሻ ነው፤ ሃያ ዓመት የነዳ፣ ሃያውንም ዓመት ያማረረ ሰው። ከኋላ ቡርሹ፣ መጠይቁ፣ ከጂብሰም የተሠራ የማስተማሪያ መንጋጋ እና አንድ ጣሳ ቀይ ክኒን ተጭኗል። ስለ ክኒኑ ኋላ የሚመጣ ጣጣ ስላለ አሁኑኑ ልናገር። ሲያኝኩት ጥርስ ላይ ቆሻሻ የያዘውን ቦታ ቀይ ያደርገዋል፣ ንጹሑን ይተወዋል። ሰውን ለማሳመን ከመቶ ንግግር ይበልጣል ብለው ነው የሰጡኝ።

አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው መንጋጋውን አገላብጦ አየና የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የማንም አይደለም አልኩት። መልሱ ስላላረካው ቡርሾቹን መቁጠር ጀመረ፤ ሰማንያ አካባቢ ሲደርስ ተምታታበትና እንደገና «አንድ» አለ። በመጨረሻ አንዷን ለጠመንጃው መወልወያ ብሰጠው ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀ። ሰጠሁት። የጥናቱ የመጀመሪያ ቡርሽ ሥራ የጀመረችው እዚያ ነው።

ሻሸመኔ አደርን። አልጋው ውስጥ ከእኔ በፊት የገቡ ቁንጫዎች ስለነበሩ ብዙም አልተኛሁም። ጠዋት ሆቴሉ ግቢ ካለው ቧንቧ ሥር ቆሜ ጥርሴን በጥርስ ሳሙና ረጋ ብዬ ቦረሽኩ። በቀን ሁለት ጊዜ የምቦርሽ ሰው ነኝ፤ ይህን የምነግራችሁ ኋላ እንድታፍሩልኝ ነው።

ዓርብ፣ ሁለተኛው ቀን። በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ገባን። እኛ ጉለሌ ዓሣ የምናውቀው በፍልሰታ ነው፤ እዚያ ግን ሰው እንደ ሽሮ በየቀኑ ይበላዋል። ጋሽ መርሻ ዓሣ ዓርብ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይ ከአስተናጋጁ ጋር ክርክር ገጠመ። ነጥብ በነጥብ እያስረዳ የራሱን ዓሣ ጨረሰ፣ ከዚያም የእኔን። እኔ በግራ በኩል ያለች የታች መንጋጋ ጥርሴ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካት ስለምትጠዘጥዘኝ በቀኝ በኩል እያኘኩ ዘግይቼ ነበር። ስለ ጥርሷ ለማንም አልተናገርኩም። የጥርስ ጤና አስተማሪ ጥርሱን አመመኝ ሲል ማን ይሰማዋል?

ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ቀን። ኮንሶ ሳንደርስ ጎማችን ፈነዳ። እስኮርታውን ስናወርደው እሱም ነፋስ የለውም። ጋሽ መርሻ ይህን አስቀድሞ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ማስታወቁን ነገረኝ። ጽሑፉ ግን አይነፋም። ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች ጎማውን በየተራ እየተሸከሙ ከተማ አደረሱልን። እዚያ አንድ አስተማሪ ቤቱ አሳደረንና በቅል ጨቃ ሰጠን፤ የማሽላ ጠላ ነው፣ ወፍራም፣ ምግብም መጠጥም የሆነ። እኛ አገር እንግዳ መጥቶ ጠላ ብቻ ብትሰጠው ይታማል፤ እዚያ ሁለት ቅል የጠጣ ሰው እራት አይጠይቅም። ጎማው እስኪጠገን ጋሽ መርሻ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈታና በአንዲት ቡርሽ አሳምሮ አጸዳቸው። ከዚያ በኋላ መኪናው ከአዲስ አበባ ከወጣንበት ይልቅ በደንብ ሄደ።

እሁድ፣ አራተኛው ቀን። ወደ ወይጦ ስንወርድ ሙቀቱ መስታወት አያስዘጋ፣ አቧራው አያስከፍት። ቀይ አፈር የምትባለውን ከተማ አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ አገሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ጂንካ ደረስን። የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው መሃል ያለ ሣር ነው። አውሮፕላን በማይኖርበት ጊዜ፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ፣ ላም ይበላዋል። በቦሌና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ቦሌ ላም አይገባም፣ ሰውም በቀላሉ አይገባም።

ሆቴሎቹን ለስብሰባ የመጡ ሰዎች ይዘዋቸዋል። ስለዚህ ከከተማው ዳር ባለችው ክሊኒክ በድሬሰርነት፣ ይኸውም በሕክምና ረዳትነት፣ የሚሠራው አቶ ማርቆስ ቤቱ ወሰደን። የአገሩ ተወላጅ፣ የአሪ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሲሄድ በር ዝቅ ያለ ይመስል አንገቱን የሚያጎነብስ። ባለቤቱ ወይዘሮ ራሔል የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልንና እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብንልም አልሆነም። እራት የተቀቀለ ጎደሬ፣ ጎመንና ማር ነበር። ማርቆስ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ጸሎቱ ረዘም ስላለ የጋሽ መርሻ እጅ መንገድ ላይ ቆይታ ተመለሰች። የእሁድ ጸሎቱን ለምን ቤቱ እንደሚያደርግ አልጠየቅሁትም፤ ጊዜው የማይጠየቅበት ነበር።

ሰኞ፣ አምስተኛው ቀን። ክሊኒኩ ደጃፍ ሰው ተሰልፎ ጠበቀን። ሰባተኛውን ጥያቄ አንብቤ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ገበሬ «በቡርሽ» አለ። ሁለተኛው «በቡርሽ»። ሦስተኛዋ «በቡርሽ»። አንዳንዱ እኔ ስሙን ስጠይቀው ነው «በቡርሽ» የሚለኝ። አንድም ጥርስ የሌላቸው አሮጊት፣ እማማ ባይሴ፣ ቀርበው «በቡርሽ» አሉ። እሳቸውንም «ሀ» ብዬ ሞላሁ። እንዲህ ያለ የነቃ ሕዝብ ጉለሌም የለ፣ እያልኩ በሆዴ ተገረምኩ።

ከምሳ በኋላ ምላጭ ልገዛ ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴ፣ ሐጂ ከድር፣ ሱቅ ገባሁ። እግረ መንገዴን በዓመት ስንት የጥርስ ቡርሽ እንደሚሸጡ ጠየቅኋቸው። ሐጂ አሰቡ። ሁለት ሸጫለሁ አሉ፤ አንዱን ለባንክ ጸሐፊ፣ አንዱን ለአስተማሪ። ሦስተኛው ከሱቁ ደጅ ካለው የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል፤ ልብሱ የሚጥለውን ብናኝ ከጥርሱ ሥር ያወጡበታል። መኪናውም ጥርስ አለው፣ አሉኝ።

ክሊኒኩ ተመለስኩና ማርቆስን ብቻውን አገኘሁት። ምን እንደሰማሁ ነገርኩት። አልካደም። ከመምጣታችን በፊት ቤት ለቤት ዞሮ «በቡርሽ» በሉ ብሎ ያስጠናቸው እሱ ነው። ደንቡን አንብቦታል፤ «ሀ» ካልበዛ መሣሪያው አይመጣም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ አለኝ።

ከዚያ ቁምሳጥኑን ከፍቶ አንድ ጉጠት አወጣ። የጥርስ ጉጠት ለላይ ሌላ ነው፣ ለታች ሌላ ነው፤ የታቹ አፉ ወደ ጎን የታጠፈ ነው። የማርቆስ ቀጥ ያለ ነው፣ የላይ። ለሁሉም የሚነቅለው በእሱ ነው፣ ያለ ማደንዘዣ።

«ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት የታች መንጋጋ ጥርስ አሟት መጣች» አለኝ። «በዚህ ያዝኩት። ተሰበረ። ሥሩ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን አንገቷ አብጦ መተንፈስ አቃታት። ወንዙ ሞልቶ መኪና አያልፍም። አውሮፕላን ተጠርቶ መጣ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ሣሩ ረጥቦ ስለነበር ሳያርፍ ተመለሰ። እኛ ከታች ሆነን እናየዋለን። እሷም ታየዋለች።»

ዘመድ አላት ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«እህቴ ናት» አለ። «ማርታ። ታናሼ ነበረች።»

ጉጠቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው። እኔ የሰኞን መጠይቆች በሙሉ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ሁሉም «ሀ» ናቸው። ዝም ብዬ ብወስዳቸው መሣሪያው ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ላይ የምዋሽበት በቂ ምክንያት አገኘሁ፣ ይህም አስፈራኝ።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛው ቀን። ከከተማው ወጣ ያለችው የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። ማርቆስ አስተርጓሚ ሆኖ አብሮን ሄደ፤ ገበያተኛው በና የሚባል ሕዝብ ነው፣ ቋንቋቸውን እንደ ራሱ ያውቀዋል። ፍየሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ትምባሆው በየቦታው ተዘርግቷል። እኛም ከግራር ጥላ ሥር መንጋጋችንን ዘረጋን። ነጭ ገዋኔን ለበስኩ። ሰዉ ቡርሾቹን በአክብሮት ተቀበለ። አንድ ጎልማሳ በራሱ ማሰሪያ ላይ፣ ላባ በሚሰካበት ቦታ ሰካት፤ እውነቱን ለመናገር አምሮበታል።

ዋሌ የሚባሉ ሽማግሌ በርኮታቸው ላይ፣ ያም ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ነው፣ ከፊቴ ተቀመጡ። በምን እንደሚያጸዱ ስጠይቅ ከጆሮአቸው ላይ መፋቂያ አወረዱና አሳዩኝ። ቡርሽ አይደለም፤ ስለዚህ «ለ. አላጸዳም» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ቀዩን ክኒን ሰጠኋቸው። ዋሌ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩትና ለማርቆስ አንድ ነገር አሉ።

ማርቆስ ወደ እኔ ዞረ። እዚያ አገር የሚበላ ነገር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ካልቀመሰ ሰጪውም ስጦታውም ይጠረጠራል። በዚህ ላይ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም፤ እኛም ዘንድ ጠላ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። አንዱን ወደ አፌ ወርውሬ አኘኩ።

እንግዲህ ያን ጠዋት በሳሙና ቦርሻለሁ። ለማስተማሪያ ያመጣሁትን መስታወት እስካነሣ ድረስ ሰዉ ቀድሞኝ አየኝ፤ ሁሉም መስታወቱን ትቶ የሚያየው አፌን ነበርና። በየጥርሱ መካከል፣ በየድዱ ጠርዝ፣ በተለይም በዚያች የግራ የታች መንጋጋዬ ዙሪያ ቀልቶ፣ ፍየል አርጄ በጥርሴ የገፈፍኩ መስዬ ነበር። ጋሽ መርሻ በነዳበት ሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ የሳቀ አይመስለኝም።

ከዚያ ዋሌ አኘኩ። አፋቸውን ከፈቱ። ድዳቸው ጠርዝ ላይ ክር የምታክል ቀይ መስመር ነበረች፤ ሌላው ነጭ ነው። ወደ ሰባ የሚጠጉ ይመስሉኛል። አፌን ረጋ ብለው አዩና ተናገሩ። ማርቆስ መተርጎሙን ትቶ መሬት መሬት ሲያይ ምን አሉ ብዬ አስገደድኩት።

«‹የታመመው እሱ ነው፤ እኛን ለምን ይመረምራል?› ነው የሚሉት» አለኝ። «‹ለመማር መጥቶ ከሆነ ይናገር፣ እናስተምረዋለን› ይላሉ።»

ማርቆስ ወንጌል አንባቢ ነው። ባለ መድኃኒት ራስህን ፈውስ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ሲመልሰው አየሁ። ለመማር መጥቻለሁ አልኩ። ሌላ ምን ልል?

ዋሌ ከአጠገባቸው ካለው ቁጥቋጦ አንዲት ቅርንጫፍ በቢላዋቸው ቆረጡና ልጣጯን ገፈፉ። ጫፏ ለስልሶ ጭረት በጭረት እስኪሆን አኘኩና አሳዩኝ፤ ከዚያ ለእኔ ሌላ ቆረጡልኝ። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ እንጂ ወደ ጎን አይደለም። ከፊት ብቻ አይደለም፣ ከኋላም። ልክ እኔ በጂብሰሙ መንጋጋ ላይ የማስተምረው ነው። የእኔ ትምህርት አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ የሳቸው አሥር አልሞላም። ስንጨርስ በቅል የመጣውን የቡና ገለፈት ውኃ ጎንጨት አደረጉና፣ እዚያ ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚያደርገው፣ ላዬ ላይ እፍ ብለው በተኑት። ክኒኑ ገና ከአፋቸው ስላልጠራ ነጭ ገዋኔ ከአንገት እስከ እግሩ በቀይ ነጠብጣብ ተመረቀ። ብዙ ጊዜ ታጥቧል። አልለቀቀም፤ እኔም ብዙ አልታገልኩትም።

በመልሱ መንገድ የዋሌን ወረቀት አወጣሁ። «ለ. አላጸዳም» ይላል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰረዝኩትና ከሥሩ በእስክሪብቶ «ሐ. በመፋቂያ» ብዬ ጻፍኩ። የአልዱባን ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። ማርቆስ ከጎኔ ሆኖ ሲያይ ቆየና ወረቀቱ ላይ «ሐ» የሚባል ቦታ የለም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ሐ» ከበዛ መሣሪያው ይቀራል አለኝ። ይህንንም አውቃለሁ አልኩት። የሰኞውን ውሸት ይዤ ብሄድ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ ሌላ ሰው ሐጂ ከድር ሱቅ መግባቱ እንደማይቀር ነገርኩት፤ ያኔ መሣሪያውም ይወሰዳል፣ እሱም ይጠየቃል። ከተማው እስኪታይ ድረስ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እንግዲያው እውነቱን ይጻፉ» አለ ስንደርስ። «ማርታም ውሸት አትወድም ነበር።»

ይህን ያለው ተስፋ ቆርጦ ነው። እኔም ሌላ መፍትሔ ሳልይዝ ወረቀቶቹን ታቅፌ ወረድኩ።

ረቡዕ፣ ሰባተኛው ቀን። የሰኞውን ሕዝብ መልሰን ጠራን። ያስጠናቸውን እንዲተዉ፣ በእውነት የሚያደርጉትን እንዲናገሩ ማርቆስ ራሱ በአሪኛ ነገራቸው። እማማ ባይሴ በረድፉ መሃል ቆመው፣ «ሰኞ ቡርሽ በሉ ተባልን፣ ዛሬ እንጨት በሉ ትሉናላችሁ። ነገ ምን እንበል?» አሉ። ጥያቄውን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ሁሉም «በመፋቂያ» አለ፤ ከባንክ ጸሐፊው፣ ከአስተማሪውና ከጥቂት «አላጸዳም» ባዮች በቀር። እማማ ባይሴን በየትኛው እንደምሞላቸው አላወቅሁም፤ ባዶ ተውኳቸው።

እረፍት ስናደርግ ወይዘሮ ራሔል የተቆላ በቆሎ ላኩልን። አንዷ ፍሬ በግራ በኩል ገባችና ያቺ ጥርሴ ቀጭ አለች። ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም፤ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያልደረሰበት ባያውቀው ይሻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአርበኛ ፊት ቆየሁ። ከዚያ ማርቆስ ጋ ሄጄ ንቀልልኝ አልኩት።

እምቢ አለ። አርባ ምንጭ ድረስ ይቻሉት አለኝ። አልችለውም አልኩት። ጥርሷን አየ፤ የታች መንጋጋ፣ ግራ። ፊቱ ተለወጠ። የማርታም በዚያው በኩል እንደነበረች ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ጋሽ መርሻ ራሴን ከኋላ ያዘ። ማርቆስ ቆሞ ጸለየ። ያን ጊዜ ጸሎቱ ረዘመብኝ አላልኩም። ቀጥ ያለውን ጉጠት አስገብቶ ያዘ፣ ወዘወዘ፣ ጥርሷ ተሰበረች። ድምፁን ሦስታችንም ሰማነው። ማርቆስ ጉጠቱን አስቀምጦ ወጣ። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከሕመሙም ነው፣ ከፍርሃትም ነው፣ የሚመለስ ስላልመሰለኝም ነው።

ተመለሰ። እጁን ታጥቦ ነበር። አንድ ቀጭን ብረት አፈላና፣ «ሥሩ ሳይወጣ ከዚህ ወንበር አትነሣም» አለኝ። እስከዚያ ድረስ «አንቱ» ሲለኝ የቆየ ሰው ነው። ምን ያህል እንደፈጀ ጋሽ መርሻ ነው የሚያውቀው፤ ሰዓቱን እያየ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው ይላል። ሁለቱም ሥሮች ወጡ። ማርቆስ ከተሰበረው ጋር ሦስቱን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ሥሮቹ ሙሉ መሆናቸውን አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቁራጮቹን ለመንኩትና በክብሪት ቀፎ አደረግኋቸው።

ሐሙስ፣ ስምንተኛው ቀን። ጉንጬ አብጦ ተነሣን። ወይዘሮ ራሔል ለመንገድ ማርና የማኝከው ነገር የሌለበት አጥሚት በፔርሙስ ሰጡኝ። ማርቆስ ከዋሌ የተላከ አንድ እስር መፋቂያ ሰጠኝ። የመልሱን መንገድ አልተርከውም፤ ጎማ አልፈነዳም፣ ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ጠመንጃው እንደሚያብረቀርቅ ነገረን።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሪፖርቱን ጽፌ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። «ሐ. በመፋቂያ» የሚለውን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። መጠይቁ በኮሚቴ የጸደቀ ነው፣ «ሐ» የሚባል መልስ የለም፣ መፋቂያ ማጽጃ ተብሎ አይቆጠርም፣ ወረቀቶቹ በሙሉ ወደ «ለ» ይመለሱ አለኝ። ይህን ሁሉ የተናገረው መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ ነው።

ለዓመታት አብሬው ስሠራ ያን እንጨት አላየሁትም ነበር። አየሁት ግን አላየሁትም ማለት ይሻላል።

«ጓድ ኃላፊ» አልኩት፣ «ለእርስዎስ የትኛውን ልሙላ? ‹ሀ› ወይስ ‹ለ›?»

እጁ ወደ አፉ ሄደች። መፋቂያውን አወጣና ሌላ ሰው ያስቀመጠበት ይመስል አየው። ቤቴ ቡርሽ አለኝ አለ። ሐጂ ከድርም አላቸው አልኩት። ሐጂ ከድር ማን እንደሆኑ አልጠየቀኝም። የክብሪቱን ቀፎ ከፊቱ አስቀመጥኩ። ሪፖርቱ ላይ «አባሪ አንድ፦ የተመራማሪው ጥርስ፣ በሦስት ቁራጭ፣ በላይ ጥርስ ጉጠት የተነቀለ» ተብሎ ተጽፏል። ከፍቶ አየ። ስለ ማርታም ነገርኩት፤ አውሮፕላኑን፣ ሁለቴ መዞሩን። ቀፎውን በጥንቃቄ ዘጋው። ከዚያ የመሣሪያውን መጠየቂያ ስቦ ፈረመ፣ ታይፒስቷንም ጠርቶ መጠይቁን «ሐ» ጨምራ እንደገና እንድትመታው አዘዘ። ለምን እንደፈረመ አልነገረኝም። መፋቂያውን ከዚያን ቀን ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰው ሲወጣ ያወጣዋል።

ከስድስት ወር በኋላ ለማጣራት የምንሄድበት መኪና አልተገኘም። ስለዚህ ልማዳቸውን የለወጡ ሰዎች ብዛት እስከ ዛሬ አይታወቅም። የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ጉለሌ ደጁ ላይ ቆሞ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፍቃል። በመኪናው ፋንታ ከማርቆስ ደብዳቤ መጣ።

«ጉጠቶቹም ማደንዘዣውም በአውሮፕላን በደኅና ደርሰዋል» ይላል። «ሣሩ ደርቆ ስለነበር አርፏል። የጥርስ ሕሙማን መዝገብ አዲስ ከፍቻለሁ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የማርታን ስም ጽፌአለሁ። በሽተኛ ከሁለት ይጀምራል። ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ።»

በየዓመቱ መጨረሻ የክሊኒኩ ሪፖርት፣ መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ ያለውን ደምሮ፣ ሲመጣ የተመዘገበው ሕመምተኛ ከታከመው በአንድ ይበልጣል። ታይፒስቷም በየዓመቱ በቀይ ታሰምርበትና እንዳርመው ወደ እኔ ትመራዋለች። እኔም አይቼዋለሁ ብዬ እፈርምና ሳላርመው አስቀምጠዋለሁ።